ጠዋት የሚሞቱ፣ ከሰዓት የሚነሡ ዓሦች

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው ስልኩ የመጣው። «አንተ፣ የሸጥክልኝ ዓሦች ጠዋት ይሞታሉ፣ ከሰዓት ይነሣሉ። ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ አቦ?»

ደዋይዋ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት የምትኖር ስድሳ ዓመት ያለፋት እናት ናት። ሰፈሩ ሁሉ እማዬ ነው የሚላት፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። አንቺ ማለቴ የሚከብደው የመሀል አገር አንባቢ ቢኖር ይቅር ይበለኝ፤ እዚህ ምሥራቅ አንቱታ ብዙም አይወደድም። አንድ ቀን አንቱ ብያት «የለቅሶ ቤት አስመሰልከው» ብላ ከልክላኛለች።

እኔ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ጎልድፊሽና ጉፒ እያራባሁ እሸጣለሁ። ለእማዬ በግንቦት 2015 አምስት ጎልድፊሽ ሸጬላት ነበር። ሁለቱ ኦራንዳ ናቸው፤ ራሳቸው ላይ እንጆሪ የመሰለ ቆብ የሚያወጡት። ሁለቱ ትከሻቸው የጎበጠ ሪዩኪን፣ አንዱ ደግሞ ዓይኑ ወደ ውጭ የፈጠጠው ጥቁሩ ብላክ ሙር። ሁሉም ጅራታቸው ድርብ፣ ሰውነታቸው ድቡልቡል፣ እኛ ሻጮቹ «ፋንሲ» የምንለው ዓይነት ነው። ማደሪያቸው ግቢው ውስጥ፣ ሮማኑ ሥር ያለ የሲሚንቶ ገንዳ ሆነ። ርዝመቱ 140 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 80፣ የውሃው ጥልቀት 30፤ በሊትር ሲሰላ 330 ገደማ። ታችኛው ወለል ላይ ልጁ ከወንዝ የለቀማቸው ክብ ክብ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ልጁ የምለው የልጅ ልጇን፣ ዘጠነኛ ክፍል የሚማረውን ነው። ዋናው ጠባቂ እሱ ነው፤ ደብተርም ይዟል። ከታች የምጽፋቸው ቀኖችና ቁጥሮች ብዙዎቹ ከዚያ ደብተር የተገለበጡ ናቸው።

ስልኩን እማዬ ለልጁ አቀበለችውና «ሌሊት እየበረዳቸው ይሆናል፤ ለምን ቤት አላስገባችኋቸውም?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ እስካሁን ያስቀኛል። «ክረምቱ እኮ አልፏል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ ስለ ጎልድፊሽ ሲያነብ «ፋንሲዎቹን በክረምት ወደ ቤት አስገቡ» የሚል ምክር አግኝቷል። ምክሩ የፈረንጅ ነው፤ እዚያ ክረምት የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በረዶ የሚወርድበት ወቅት ነው። ልጁ ደግሞ እንደ ማናችንም ክረምት ሲባል ሐምሌን አሰበ። ሐምሌ ላይ ዓሦቹን ሳሎን አስገብቶ፣ ሁለት ሳምንት በሳፋ አቆይቶ፣ ቤቱ ሲሸት እማዬ ከነሳፋው አስወጣችው። መስከረም ሲጠባ የብርዱ ነገር አበቃ ብሎ ተኛ። ሐረር ላይ ግን የዓሣ ክረምት በጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው እንደ ጋቢ ሌሊቱን ይሸፍነዋል። ከጥቅምት ወዲያ ሰማዩ ይጠራል፣ ቀኑ ያቃጥላል፣ ማታ ግን መሬቱ የያዘው ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ያመልጣል። 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል ያደረበት ያውቀዋል።

ኅዳር 18 ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ስደርስ ከሰዓት ነበርና አራቱ ዓሦች እየተሯሯጡ አገኘኋቸው። አንደኛው ሪዩኪን ብቻ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ጅራቱን እየመታ ሊቀና ይሞክርና ተመልሶ ይገለበጣል። የጠዋቱን ሞት ለማየት ማደር ነበረብኝ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን ከገንዳው ሳወጣ 12 ዲግሪ ይላል። አምስቱም ታች ወለሉ ላይ፣ ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ከዛፍ እንደ ወደቀ ሎሚ ተቀምጠዋል። ጣቴን ሳስገባ አልሸሹም። ያው ቴርሞሜትር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 19 አለ። በአንድ ቀን ውስጥ 7 ዲግሪ ይወጣል፣ 7 ዲግሪ ይወርዳል፤ ነገ ደግሞ እንደገና። ጥልቀት የሌለው ገንዳ፣ ዙሪያው ፀሐይ የሚያግለው ድንጋይ ሲሆን እንዲህ ነው።

ተራው ጎልድፊሽ፣ ያ ቀጭኑ ባለ ነጠላ ጅራቱ፣ ቀስ ብሎ የመጣ ብርድ ምኑም አይደለም። በረዶ ከላይ በተጋገረበት ኩሬ ሥር በ4 ዲግሪ የሚከርም ዘር ነው። ቻይናዎች ሺህ ዓመት ግድም እየመረጡ ያራቡት ፋንሲ ግን ውበቱን በጤናው የገዛ ዓሣ ነው። ሰውነቱ ስላጠረ አንጀቱ በጠባብ ቦታ ተጣጥፏል፤ ሚዛኑን የሚጠብቅበት የመንሳፈፊያ ከረጢትም ተጨፍልቋል። ዓሣ የራሱ ሙቀት የለውም፤ የሆዱ ሥራ የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በውሃው ሙቀት ነው። እማዬ ደግሞ የምታበላቸው ማታ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ነበር። የዓሣ ምግቡን ትበትንና ዳቦም ትፈረፍርላቸዋለች፤ ቤት ያፈራውን ሳይካፈሉማ እንዴት ይሆናል! ያ ዳቦ ሆዳቸው ውስጥ እያለ ውሃው ወደ 12 ይወርዳል፣ ሆዱ ሥራ ያቆማል፣ ዳቦው ያብጣል። የተገለበጠው ሪዩኪን ጉዳይ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀላሉን ነው፦ ማታ ገንዳውን በጣውላና በጆንያ መሸፈን። ሁለት ሌሊት ሞክረን የንጋቱ ውሃ ከ12 ወደ 13 ተኩል ዲግሪ ወጣ፤ ከዚያ አላለፈም። ሁለተኛው ምርጫ ለእኔ ከሁሉም ይሻል ነበር፦ ዓሦቹን እስከ መጋቢት ድሬዳዋ ማውረድ። አምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ወደ 1,200 ሜትር ይወርዳል፤ የእኔ በረንዳ ታኅሣሥ ላይ ለጎልድፊሽ ሰርግና ምላሽ ነው። እማዬ አልሰማችኝም። «የኔን ልጆች ቆላ አላወርድም። ድሬ የወረደ መች ይመለሳል?» አለች። ልጇ ድሬ ወርዶ እዚያው አግብቶ የቀረ ነውና ነገሩን አላከረርኩትም።

ስለዚህ ቤት መግባታቸው ተቆረጠ። የት ይቀመጡ የሚለው ግን ከሁለት ቀን በላይ ክርክር አስነሣ። ልጁ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አለ። ቤቱ የሐረሪዎች ጥንታዊ ቤት ነው፤ ዋናው ክፍል ውስጥ ደረጃ በደረጃ የተሠሩ መቀመጫዎች፣ ነደባ የሚሏቸው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሞሰቦች፣ በሩም ቀኑን ሙሉ ወደ ግቢው ክፍት። ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። መስኮት የላትም፣ ግድግዳዋ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው። እኔ ክርክሩን ለቴርሞሜትሩ ተውኩት። ሁለት ሁለት ሊትር ውሃ የያዙ ጆጎች አንዱን ቴሌቪዥኑ ጋ፣ አንዱን ኪርታት ውስጥ አስቀምጠን ልጁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መዘገበ። ቴሌቪዥኑ ጋ ንጋት 15፣ ከሰዓት 21። ኪርታት ውስጥ ንጋት 18፣ ከሰዓት 19 ተኩል። የጥንት ግንበኞች ዓሣ ባያስቡም ይህን ያህል የተረጋጋ ክፍል ሠርተዋል። ለፋንሲ ከ18 እስከ 22 ያለው ደህና ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን አለመዋዠቁ ነው የልብ የሚያደርሰው።

የመስታወት ገንዳውን ድሬ መስታወትና አሉሚኒየም የሚሠሩ ልጆች ሠሩልን፤ 90 በ40 በ45፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር፣ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ 144 ሊትር የሚይዝ። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፦ ሲሊከኑ ለባኞ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ የሚከላከለው ዓይነት እንዳይሆን። ያ መድኃኒት ያለበት ነው፣ ዓሣ ይገድላል። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራው ይበቃል። ገንዳው ከነውሃው 175 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠረጴዛ አላሰብንም፣ ክፍሏ ውስጥ ያለው በድንጋይ የተገነባ ዝቅተኛ መደብ ከየትኛውም ጠረጴዛ የተሻለ ነው። ለአምስት ፋንሲ 144 ሊትር ጠባብ እንደሆነ አውቄ ነው የገባሁበት። ውሃ በጀሪካን በሚቆጠርበት ቤት 250 ሊትር አድርጉ ማለት አፍ አይገባም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኅዳር 28 ገንዳው ሲመጣ ልጁን «ሁሉንም ነገር በደንብ እጠብ» አልኩት። ልጁ ታዛዥ ነው። የወንዝ ድንጋዮቹን አረንጓዴ ዝልግልጋቸው እስኪለቅ በብሩሽ ፈተጋቸው፣ በበረኪና አጠባቸው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። ገንዳው አዲስ፣ የስፖንጅ ማጣሪያው አዲስ፣ ውሃው አዲስ። ውሃው በቦቴ መጥቶ ሮቶ ውስጥ የነበረ ነው፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሌሊት ከነአየር ፓምፑ አሳደርነው። ኅዳር 29 ዓሦቹን በፕላስቲክ ከረጢት ገንዳው ላይ አንሳፍፈን፣ በየአሥር ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ እየጨመርን፣ በአንድ ሰዓት ተኩል አስገባናቸው። ያማሩ ነበር። እማዬ እጣን አጨሰች፤ ጭሱን ከፓምፑ አርቂው አልኳትና ተሳስቀን ተለያየን። እኔ ወደ ድሬ ወረድኩ።

የልጁ ደብተር ከዚያ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ታኅሣሥ 1። ጠዋት 18። በሉ። ታኅሣሥ 2። ጠዋት 18። ሁሉም ላይ ላይ ናቸው፣ አፋቸውን ይከፍታሉ። ሙር ጥግ ላይ ነው። ውሃው ትንሽ ደፍርሷል።» በማግስቱ የሙር ክንፍ ሥሩ ላይ ቀልቷል ብሎ ደወለ። አሞኒያ መለኪያ ጠብታ ትቼለት ነበርና ለካው፦ በሊትር 2 ሚሊ ግራም። የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ወይም የአልካሊነቱ ልክ፣ ደግሞ 8.2።

ዓሣ ቆሻሻውን አብዛኛውን በሚተነፍስበት አካሉ፣ በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ነው የሚያስወጣው። አሮጌ ገንዳ ውስጥ ያንን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ያን ያህል አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ተበትነው አይኖሩም፤ ድንጋዩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ስፖንጁ ውስጥ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ከባዶ ሲጀመር ማጣሪያ እስኪለምድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ብርድ ከሆነ ይብስበታል። ልጁ በእኔ ትእዛዝ በብሩሽና በበረኪና ያጠበው ዝልግልግ ይኸው ነበር። ዓሦቹን አስገብተን ገንዳቸውን ውጭ ተውነው ማለት ነው።

የፒኤቹ ነገር ደግሞ የአካባቢያችን ጣጣ ነው። ሐረር የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀባት ወዲህ ብዙውን ውሃዋን የምታገኘው ከድሬዳዋ ቆላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። የእኛ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያወጣው እሱ ነው። ለጎልድፊሽ ጠንካራ ውሃ መልካም ነው፤ አሞኒያ ሲኖር ግን ይከፋል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፣ መርዘኛው አንዱ ብቻ ነው፤ የመርዘኛው ድርሻ ደግሞ ፒኤች ሲጨምር ይጨምራል። በ19 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ቢሆን ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በ8.2 ግን ከመቶ ወደ 6 ይጠጋል። ስለዚህ የልጁ 2 ሚሊ ግራም ውስጥ መርዙ 0.11 ገደማ ነው፤ ስንጥብ መጎዳት የሚጀምረው ከዚያ ግማሽ ሳይደርስ ነው። ያው መለኪያ፣ ያው ቀለም፣ ለስላሳ ውሃ ባለበት ከተማ ቢሆን ሁለት ቀን ጊዜ ይሰጠን ነበር። ፋታ አልሰጠንም።

ታኅሣሥ 4 ንጋት ላይ ሙር ሞተ። ልጁ ሮማኑ ሥር ቀበረው፤ እማዬ ደግሞ አላነጋገረችኝም፣ ስልኩን የምታነሣው ለልጁ ልትሰጥ ብቻ ነበር።

በዚያው ቀን ነው የወጣሁት። ከቤቴ ገንዳዎች ሁለት ዓመት የሠራ ስፖንጅ ነቅዬ፣ በራሱ ውሃ እንደ ረጠበ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አሥሬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ስፖንጁ ከደረቀ ወይም በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ባክቴሪያው ያልቃል። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ከረጢቱ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቡናማውን ጭቃ የመሰለ ነገር አይቶ «ምንድን ነው ይሄ፣ ሊፈነዳ ነው እንዴ?» አለኝ። መድኃኒት ነው ብዬው ቦታ ለቀቀልኝ።

እማዬ ቤት እንደ ደረስኩ ያደረግነው ብዙ አይደለም። ምግብ ተከለከለ። ግማሹ ውሃ፣ ማለትም 72 ሊትር፣ ሁለት ቀን ሮቶ ውስጥ በቆየና ኪርታት ውስጥ አድሮ ሙቀቱ በተስተካከለ ውሃ ተቀየረ። የእኔ ስፖንጅ ከአዲሱ ጎን ገባ፣ ጭማቂውም አዲሱ ላይ ተጨመቀ። ውሃው ለሰዓታት እንደ ሻይ ደፈረሰ፤ እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ይሄን ነው ንጽሕና የምትለው?» አለች። ያነጋገረችኝ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ከዚያ ልጁ አንድ ነገር አስታወሰ፦ ግቢ ያለው ገንዳ ተሟጦ አልወጣም ነበር፤ ጥጉ ላይ ሁለት ድንጋይ ሳይታጠብ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ሮጦ አመጣቸው። ስንት ሰው «አሮጌ ውሃ አስቀምጥ» ይላል፤ ሊቀመጥ የሚገባው ግን አሮጌው ድንጋይ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሩቡ ውሃ ይቀየራል፤ 36 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን የማይሞላ። በመሀል ቧንቧ ለዘጠኝ ቀን ጠፋ። የሐረር ሰው ለዚህ አዲስ አይደለም፤ እማዬ ከገንዳው የሚወጣውን ውሃ ለሎሚውና ለሮማኑ እያጠጣች ሂሳቡን አጣጣችው። ኋላማ «ይሄ የዓሣ ውሃ ሎሚዬን አጠገበው» ማለት ጀመረች፤ እውነቷን ነው፣ ናይትሬት ማዳበሪያ ነው።

ታኅሣሥ 13 አሞኒያው ዜሮ ሆነ። በምትኩ ናይትራይቱ 1 ሚሊ ግራም ደረሰ። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ የሁለተኛዎቹ ባክቴሪያዎች መንጋ ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚበዛው። ናይትራይት ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ለዚህ ተራ ጨው ይረዳል፣ በሊትር 1 ግራም፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በስንጥቡ ላይ ቀድሞ ቦታ ይይዝና ናይትራይቱ እንዳይገባ ያግደዋል። 144 ግራም ጨው በእማዬ ሚዛን መዝነን፣ በጆግ አሟሙተን፣ በሁለት ጊዜ ከፍለን ጨመርን። ታኅሣሥ 24 ልጁ ደብተሩ ላይ ሁለት ዜሮ ጽፎ በቀይ እስክሪብቶ ከበበው።

የመብራቱን ጉዳይ አጠር ላድርገው። ጥር ላይ አንድ ምሽት ለሰባት ሰዓት ጠፋ። የሙቀቱ ነገር አላሳሰበኝም፤ ያ ግድግዳ አንድ ዲግሪ እንኳ አላወረደውም። ያሳሰበኝ አየሩ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ በሐረር ከፍታ ከ7.3 ብዙም አያልፍም። አምስተኛው እጅ ከመነሻው የለም ማለት ነው። ድሬ ላይ አራት ሰዓት የምታገሠውን የመብራት መጥፋት ሐረር ላይ አልታገሠውም። ልጁና እማዬ በየተራ በጆግ ውሃ እየቀዱ ከሁለት ስንዝር ከፍታ እያንቧረቁ መለሱት፤ በየሩብ ሰዓቱ ሃያ ጆግ። በነጋታው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ በሚኒባስ ላክሁላቸው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያጨቃጨቀን ሂተሩ ነው። ውጭ አገር የሚኖር የእማዬ ወንድም ለጥምቀት ሲመጣ ባለ 200 ዋት የገንዳ ማሞቂያ ይዞ መጣ። እንግዳ ያመጣው ስጦታ እንዴት ይመለሳል? በ24 ዲግሪ ተከፈተ። ዓሦቹ ሁለት ቀን ፈነጩ፣ በሉ፣ እማዬም «አየህ፣ ብርድ ነበር ያስጨነቃቸው» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፣ ሌሊት ተመለሰ፣ እንደገና ጠፋ። የልጁ ደብተር፦ «ማታ 24። ንጋት 19 ተኩል። ከሰዓት 23።» ግቢ ገንዳ ውስጥ ሸሽተነው የመጣነውን መዋዠቅ በገንዘብ ገዝተን ቤት አስገባነው። ሪዩኪኑም እንደገና ማዘንበል ጀመረ። እኔ በዚህ ላይ አቋሜ አይለወጥም፦ ንጋት 18 የሚል ክፍል ያለው ሰው ሂተር አያስፈልገውም። እንግዳውን ላለማስቀየም ሂተሩን አላወጣነውም፤ መዘውሩን 18 ላይ አድርገን ተውነው። አምፖሉ እስከ መጋቢት ሲበራ ያየው የለም።

ሪዩኪኑን ሦስት ቀን አስጾምነው፤ ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ፣ ተቀቅሎ የለሰለሰ ልጣጩ የወጣ እሸት አተር። ዳቦ እስከ ዘላለሙ ተከለከለ። የእማዬ ክርክር «ትንሽ ፍርፋሪ ምን ታደርጋለች» ነበር፤ ልጁ ዳቦውን ጆግ ውሃ ውስጥ ጥሎ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንዳበጠ አሳያትና ዝም አለች። ሪዩኪኑ ቀና፤ ማታ ማታ ትንሽ ያዘነብላል እንጂ አይገለበጥም። እኔ ያቀናው አተሩ ሳይሆን የማይዋዥቀው ውሃ ነው ባይ ነኝ፤ እማዬ አተሩ ነው ባይ ናት።

መጋቢት መጨረሻ፣ የበልጉ ደመና ሲመለስ፣ የግቢው ገንዳ ንጋት ላይ ለአምስት ተከታታይ ቀን ከ15 በላይ አሳየ። ልጁ በዚህ ጊዜ ሳይነገረው ታጥበው የነበሩትን ድንጋዮች ቀድሞ ውሃ ውስጥ መልሶ፣ የእኔን አሮጌ ስፖንጅ መሀላቸው አስቀምጦ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቋል። መጋቢት 28 አራቱ ዓሦች ወጡ።

ሚያዝያ 9 ልጁ ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ትልቁ ኦራንዳ ነጭ ነጥብ ወጣበት። ጨዉን መዝኛለሁ፣ ልጨምር?» ነጭ ነጥብ የሚሉት የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ ነው፤ ገንዳ ሙሉ ይጨርሳል፤ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ፎቶ ላክ አልኩት። ነጥቦቹ ሰውነቱ ላይ እንደ ጨው አልተበተኑም፤ የስንጥቡ ክዳን ላይና የደረት ክንፉ የፊት አጥንት ላይ ተሰልፈዋል። በሽታ አይደለም፤ ወንዱ ጎልድፊሽ ለእርቢ ሲደርስ የሚያወጣው ነው። ቀዝቀዝ ያለ ወቅት አሳልፎ ውሃው ቀስ በቀስ ሲሞቅለት ነው ይህ የሚመጣው። እኔ ድሬ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ውሃ ይዤ ለዚህ ስንት እለፋለሁ! «ጨዉን መልስና ነገ በማለዳ ተነሣ» አልኩት።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ተኩል ላይ የደወለችው እማዬ ናት። «አንተ፣ ድንጋዮቹ ላይ ሰሊጥ ተለጥፏል፤ እነዚህ ሆዳሞች ደግሞ እየለቀሙ ይበሉታል!»

«ሳፋ አምጪ፣ የገንዳውን ውሃ ሙዪበትና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንሥተሽ ውስጡ አስገቢ፤ እንዳታጥቢያቸው» አልኳት።

«አሁንማ ማን ያጥባል» አለችና ስልኩን ዘጋችው።